ፓሪስ የጠላችው፣ ቦርዶ የመረጠችው

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ ያነሳሁት ጥያቄ አጭር ነበር። አላን ዡፔ የተባለው የፈረንሳይ ፖለቲከኛ በ1995 ባወጣው ዕቅድ ሳቢያ አገሩ በሥራ ማቆም አድማ ታመሰ። በ1997 ፓርቲው በምርጫ ተሸነፈ። በ2004 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። ታዲያ የቦርዶ ሰው እንዴት ደጋግሞ ከንቲባው አድርጎ መረጠው? የራሴንም ግምት ጣል አደረግኩበት። ከንቲባ ሆኖ ባመጣው ትራምና ባሳጠበው ሕንፃ ተደልለው ነው አልኩ። ትንሽ ነገር ካልቆሰቆሱ ደግሞ ማን ይመልሳል? (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውን ለማያውቁትም ትንሽ መግቢያ ጽፌ ነበር። ዡፔ በ1945 ሞን-ደ-ማርሳን ተወለደ። ከቦርዶ በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። በትምህርቱ የሚታማ አይደለም። ላቲንና ግሪክ ተምሮ፣ ቀጥሎ ባለሥልጣን ይፈለፍል የነበረው ብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ገብቶ፣ የመንግሥት ፋይናንስ ኢንስፔክተር ሆነ። በ1976 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዣክ ሺራክ ንግግር ይጽፍ ጀመር። ሺራክ በ1977 የፓሪስ ከንቲባ ከሆነ በኋላ እሱም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተከተለው። በኋላ የበጀት ሚኒስትር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በግንቦት 1995 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ከዚያ ምላሾቹ በየቁጥራቸው መጡ። ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አስቀድሞ፣ አመስግኖ፣ ከዚያ ግምቴን ነካ አደረጋት። ዡፔ ቦርዶ ላይ መጀመሪያ የተመረጠው በሰኔ 1995 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ በወሩ። ያኔ በከተማዋ አንድም ትራም አልነበረም። ከተማዋ ደግሞ ፓሪስ ላይ ትልቅ ሰው የሆነ ከንቲባ ለምዳለች። ከእሱ በፊት የነበረው ዣክ ሻባን-ዴልማስ ከ1947 ጀምሮ 48 ዓመት ሙሉ ወንበሩን ይዞት ነበር። እሱም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ የብሔራዊ ምክር ቤት አፈ ጉባኤም ሆኗል። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ መጀመሪያው ምርጫ ሳይሆን ስለ ኋለኞቹ ነበርና ክሩ ቀጠለ።

ቁጥር 2 ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እሱን ያስገረመው ሌላ ነው። አንድ ሰው እንዴት በአንድ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትርም ከንቲባም ይሆናል? ቀልድ መስሎት ነበር። ስንት ደመወዝ ይበላል ብሎም ጠየቀ።

ቁጥር 3 የሕግ ትምህርት ያለው ይመስላል፤ ረዘም አድርጎ ጻፈ። የ1958ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትር የሆነ ሰው የምክር ቤት ወንበሩን ለተተኪው እንዲለቅ ያስገድዳል። ስለ ከንቲባነት ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ሚኒስትር ሆኖ ከንቲባ መሆን አይከለከልም ነበር። የምክር ቤት አባልም ሆኖ ከንቲባ መሆን የተለመደ ነበር። ክፍያው ሲደመር ጣሪያ አለው እንጂ እየደራረቡ መብላት አይቻልም። በ1997 ሊዮኔል ዦስፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ሚኒስትሮቹን ከከንቲባነት ውረዱ አላቸው፤ ያ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። የምክር ቤትና የሴኔት አባላት ከንቲባ እንዳይሆኑ የከለከለው ሕግ በ2014 ወጥቶ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ ለምን ዝም ብሎ ኖረ ለሚለው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው አለ። ከንቲባህ የሚኒስትሩን በር ሳያንኳኳ የሚገባ ከሆነ ለከተማህ ድልድይም ሆነ ሆስፒታል ያመጣልሃል። ይሄ ኮሜንት ብዙ ላይክ አገኘ። ተገቢም ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሰላም ነበር። ቁጥር 4 ስትመጣ አየሩ ተቀየረ።

እሷ በ1995 ፓሪስ ነበረች። ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ዡፔ ኅዳር 15 ቀን የማኅበራዊ ዋስትናውን ዕቅድ ይፋ አደረገ። የባቡርና የሜትሮ ሠራተኞችን የጡረታ መብትም ነካ። ከ24 ጀምሮ ባቡሩም ሜትሮውም ቆመ፤ ሦስት ሳምንት ያህል። እሷ ከሴን-ዴኒ መሃል ፓሪስ ድረስ በብርድ በእግሯ ትሄድ ነበር። ንጋት ሳይሆን ወጥታ፣ ስትመለስም ጨልሞ። አለቃዋ ያረፈደችበትን ደቂቃ እየቆጠረ ከደመወዟ ይቆርጥ ነበር። የሚገርመው፣ የተናደደችው በአድመኞቹ ላይ አይደለም። ታኅሣሥ 12 ቀን በመላው አገሪቱ አደባባይ ከወጡት አንዷ እሷ ነበረች። ፖሊስ 1 ሚሊዮን ገደማ ብሎ ሲቆጥር የሠራተኛ ማኅበራቱ 2 ሚሊዮን አሉ። የዡፔ ስም ሲነሳ እስካሁን እግሯን ያማታል።

ቁጥር 5 ስቶክሆልም የሚኖር በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ልጄ ብሎ ጀመራት። ማሻሻያው ትክክል ነበር ባይ ነው። መንግሥት ያፈገፈገው በባቡር ሠራተኞቹ ጡረታ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው አልፏል። ምክር ቤቱ የማኅበራዊ ዋስትናውን በጀት በየዓመቱ በሕግ እንዲያጸድቅ የተደረገው ያኔ ነው። የማኅበራዊ ዋስትናውን ዕዳ ለመክፈል ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው 0.5 በመቶም በ1996 ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ።

ቁጥር 6 ያው ቁጥር 4 ናት። ጋሼ ብላ መለሰችለት፤ ጋሼዋ ግን የአክብሮት አልነበረችም። ያንን 0.5 በመቶ ማንም ሊነግራት አይገባም፤ በየወሩ በደመወዝ ወረቀቷ ግርጌ አካባቢ ታየዋለች። ለመሆኑ ያን ክረምት እሱ የት ነበር? ስቶክሆልም ሞቅ ያለ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ማሻሻያ ማውራት ቀላል ነው አለች። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ጠፋ።

ቁጥር 7 አንድ ነገር ጨመረች። ዡፔ የመጀመሪያውን ካቢኔ ሲያቋቁም 12 ሴቶች ሾሞ ጋዜጦች አጨበጨቡለት። በኅዳር 8ቱን በአንድ ቀን አሰናበተ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ለእሷ የሰውየውን ጠባይ የሚያሳየው ከአድማው ይልቅ ይሄ ነው። አንድም ሰው ሊከላከልለት አልሞከረም። እኔም አልሞከርኩም።

ቁጥር 8 የፓሪስ ከንቲባ ሆኖ ሰርቋል፣ ታስሯል ብሎ ወረወረ። በሁለት መስመር ሦስት ስህተት። ቁጥር 9 እርማቱን ነጥብ በነጥብ ጻፈለት፤ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። የፓሪስ ከንቲባ ሺራክ ነበር፤ ከ1977 እስከ 1995። ዡፔ የፋይናንስ ምክትሉ ነበር፤ የፓርቲው ዋና ጸሐፊም ነበር። ጉዳዩ ደግሞ ወደ ግል ኪሱ የገባ ገንዘብ አልነበረም። ለፓርቲው የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈላቸው ከፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ሰዎቹ በወረቀት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ግን ያለው ፓርቲው ቢሮ ነው። በጥር 2004 የናንቴር ፍርድ ቤት 18 ወር በገደብ ፈረደበት። ለ10 ዓመትም እንዳይመረጥ አገደው። በታኅሣሥ የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወደ 14 ወር በገደብና ወደ አንድ ዓመት እገዳ ዝቅ አደረገው። እስር ቤት አልገባም። ብዙ ፈረንሳዊ የሺራክን ዕዳ ከፈለ ይላል። ሺራክ ራሱም ከፕሬዚዳንትነት ከወረደ በኋላ፣ በ2011፣ በተመሳሳይ ጉዳይ ሁለት ዓመት በገደብ ተፈርዶበታል።

ቁጥር 8 ይቅርታ አልጠየቀም። ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ሄደ።

እኔ ስጠብቀው የነበረው ቁጥር 10 ነው። ቦርዶ የሚኖር ሰው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲደርስ ከተማዋ ጥቁር ነበረች ይላል። ድንጋዩ ቢጫ መሆኑን ያወቀው ሕንፃዎቹ ሲታጠቡ ነው። ከፊታቸው የሚፈሰውን ጋሮን ወንዝ ደግሞ ማየት አይቻልም ነበር። ዳርቻውን የወደብ መጋዘኖች ዘግተውታል፤ የቀረው መኪና ማቆሚያ ነው። የድሮውን ትራም ያነሳው ራሱ ሻባን ነው፤ በ1958። በኋላ ከመሬት በታች ሜትሮ ሊሠራ አስቦ በ1994 ተተወ። ዡፔ በሜትሮው ፈንታ ትራም አለ። የመጀመሪያው መስመር በታኅሣሥ 2003 ሲመረቅ ሺራክ ራሱ መጣ። መሃል ከተማው ላይ ሽቦ እንዳይታይ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከመሬት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የተቀበረ ሦስተኛ መስመር አለ፤ ኃይል የሚያገኘው ትራሙ በላዩ ሲያልፍ ብቻ ነው። ልጆች ረግጠውት ያልፋሉ፤ ምንም አይሆኑም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ትራሙ በየጊዜው ቀጥ ይል ነበር። ዝናብ ሲጥል ሰዉ ወርዶ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ከንቲባውንም እየረገመ።

ከዚያ የውሃ መስታወቱን ገለጸልን። ፕላስ ደ ላ ቡርስ ፊት ለፊት ወንዙ ዳር የተነጠፈ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ 3,450 ካሬ ሜትር። ውሃው ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሕንፃዎቹ ተገልብጠው ይታዩበታል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይጠፋና ጉም ከሥር ይነሳል። በበጋ ልጆች በውስጥ ሱሪ ይንቦጫረቁበታል። የሀበሻ ሙሽሮችም የሠርግ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ነው፤ ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሚዜዎቹ የቀሚሱን ጫፍ ከውሃው ከፍ አድርገው። በ2007 ዩኔስኮ መሃል ከተማውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይሄን በየቀኑ እየረገጡ የሚኖሩ ሰዎች ስለ 14 ወር የገደብ ፍርድ ብዙ አያስቡም አለ።

ቁጥር 11 ከዚህ ሁሉ የያዛት ቦርዶ የምትለዋን ስም ብቻ ነው። የቦርዶ ወይን እንዴት ነው አለ። ነገሩ ያኔ ሰከረ። ቁጥር 12 ጊዮርጊስ ቢራን በ1998 የገዛው ካስቴል መነሻው ቦርዶ መሆኑን አስታወሰ። ቁጥር 13 ዝዋይ ላይ ወይን የተከሉትም እነሱ መሆናቸውን ጨመረ፤ ሜርሎና ካበርኔ፣ ቦርዶ ላይ እንዳለው። ቁጥር 14 የዝዋዩ ይሻላል አለ። ቁጥር 15 ጊዮርጊስ እንደ ድሮው አይደለም ብሎ አለቀሰ። ጥፋቱ የዡፔ አለመሆኑን ላስታውስ ተገደድኩ። ቁጥር 16 እኔ ነኝ፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ አልኩ።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ግን ቁጥር 17 ነው። ለእኔ የክሩ ጨው ያለው እዚህ ነው። የቦርዶ ሰው አልረሳም ይላል። ማስረጃው የ2006ና የ2007 ምርጫዎች ናቸው። ዡፔ እገዳውን ሞንትሪያል አሳለፈ፤ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ቦርዶ ላይ ወንበሩን የጠበቀለት ኡግ ማርታን የተባለ የራሱ ሰው ነው። ዡፔ ሲመለስ የከተማው ምክር ቤት አባላት ተሰብስበው ሥራ ለቀቁና ምርጫው እንዲደገም ሆነ። በጥቅምት 2006 በመጀመሪያው ዙር ከ56 በመቶ በላይ አገኘ። እንኳን ደህና መጣህ ነው። በግንቦት 2007 አዲሱ ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር አደረገው፤ ከመንግሥቱ ሁለተኛ ሰው። በሰኔ ግን እዚያው ቦርዶ ለብሔራዊ ምክር ቤት ተወዳደረ። ሚሼል ዴሎኔ የተባለች ሐኪም በጥቂት መቶ ድምፅ ጣለችው። የተሸነፈ ሚኒስትር ይለቃል ተብሎ ነበርና ሚኒስትርነቱንም በተሾመ በወሩ ለቀቀ። በመጋቢት 2008 ደግሞ ያው ከተማ በመጀመሪያው ዙር ከንቲባ አድርጎ መለሰው። በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ሦስት ምርጫ። ለከንቲባነት አዎ፣ ለፓሪስ አይሆንም፣ ለከንቲባነት አዎ።

ቁጥር 18 ተቃወመ። የምክር ቤቱ ወንበር የከተማው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ መሃሉ። የከንቲባ ምርጫ ደግሞ መላውን ከተማ ያካትታል። በዚያ ላይ ሳርኮዚ ከተመረጠ በኋላ አዲስ ግብር ይመጣል የሚል ወሬ በየቦታው የመንግሥትን ሰዎች ጎድቶ ነበር። እውነት ነው። ቁጥር 17 ግን አልተበገረም። መሃሉ እኮ ትራሙ የገባበት፣ ሕንፃው የታጠበበት ሰፈር ነው አለ። ትራም ድምፅ ቢገዛ ኖሮ መጀመሪያ የሚገዛው እዚያ ነበር። ይሄ የእኔን ግምት ነው የመታው፤ መልስ አላገኘሁለትም። ለእኔ የሚታየኝ፣ ሰዉ ሰውየውን የሚፈልገው ቤቱ እንዲቀመጥ ነበር። ለከተማ ይሆናል፣ አገር ግን አይሰጠውም።

ቁጥር 19 ይሄንኑ በ2016 አጠናከረው። ዡፔ የቀኝ ክንፉ የፕሬዚዳንት ዕጩ ምርጫ ላይ ለወራት መሪ ነበር። መጽሔቶች ቀድመው ቤተ መንግሥት አስገብተውት ነበር። ቀኑ ሲደርስ ተፎካካሪው ፍራንሷ ፊዮን 44 በመቶ፣ እሱ ከ29 በመቶ በታች። በሁለተኛው ዙር ፊዮን ከሦስት ሁለት እጁን ወሰደ። በመጋቢት 2017 ፊዮን ለሚስቱ ባስከፈለው ደመወዝ ጉዳይ ሲዘፈቅ ዡፔን ግባ አሉት። ጊዜው አልፏል ብሎ እምቢ አለ።

ከዚያ ቁጥር 20 መጣና ሩዋንዳን አነሳ። እስካሁን ስለ ትራም ስናወራ ማንም ያላነሳው ነው። በ1994 የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማን ነበር? እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ስለ ውሃ መስታወት ምን አገባን ብሎ ሁላችንንም ገሠጸ። ቃሉ ከረር ያለ ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር አድሚኑ አነሳው። ቁጥር 21 ሊያበርደው ሞከረ። ዡፔ በግንቦት 1994 የዘር ማጥፋት የሚለውን ቃል በአደባባይ ተናግሯል አለ። ቁጥር 22 ይሄ ይባስ ነው አለች። ስሙን እያወቁ ያን ያህል መዘግየታቸው ነው ጥፋቱ። በ2021 የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን የፈረንሳይን ኃላፊነት ከባድ ብሎታል። ዡፔም በዚያው ሰሞን የዘር ማጥፋት በግማሽ እርምጃ እንደማይቆም ያኔ አልተረዳንም ብሎ በጋዜጣ ጽፏል። ከ27 ዓመት በኋላ። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የጻፈ ሰው የለም።

ዝምታውን የሰበረው ያው የቦርዶው ሰው ነው፤ ቁጥር 23። እሱም ቢሆን የሚያማርረው አለው። በሐምሌ 2017 ፈጣኑ ባቡር ሲገባ ፓሪስና ቦርዶ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኑ። የፓሪስ ሰው ገንዘቡን ይዞ ጎረፈ። የቤት ኪራይ ጣሪያ ነካ። የፓሪስ ሰዎች ወደ ቤታችሁ የሚል ተለጣፊ ወረቀት በየግድግዳው ታየ። እሱም መሃል ከተማ የነበረውን ቤቱን ለቆ በትራም ጫፍ ድረስ ወጣ። ትራሙ እስከዚያ መድረሱን ግን አመሰገነ፤ እየተናደደም ቢሆን። በ2019 ዡፔ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት አባል ሆኖ ከተማውን ሲሰናበት ጋዜጠኞች ፊት እንባ ተናነቀው። በ2020 የአረንጓዴው ፓርቲ ሰው ፒየር ኡርሚክ ወንበሩን ወሰደ። ከ1947 ወዲህ ቀኝ ክንፉ ቦርዶን ሲያጣ የመጀመሪያው ነው።

ቁጥር 24 የስቶክሆልሙ ሽማግሌ ነው፤ ተመልሶ መጣ። ክርክሩን ትቶ ኢዱዋር ፊሊፕን እዩት አለ። ከዡፔ ጋር በፓርቲው ቢሮ የሠራ፣ በ2016 ቃል አቀባዩ የነበረ ሰው ነው። ከ2010 የለ አቭር ከንቲባ፣ ከ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር። በ2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ ለከንቲባነት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ከመንግሥት በወጣ በቀናት ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ገባ። በ2024 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ አለ። ቁጥር 25 እሱም እንደ አለቃው ለወራት መርቶ መጨረሻ ላይ ይወድቃል ብላ ተወራረደች፤ የሆቴሏ ሴት ናት። የጡረታ ማሻሻያ ሞክሮ በ2019 አድማ ያስነሳው እሱ መሆኑንም አስታወሰችው። ሽማግሌው ውርርዱን ተቀበለ። በምን እንደተወራረዱ ሳይነጋገሩ አድሚኑ ጣልቃ ገባና ስለ ፊሊፕ ሌላ ክር ይከፈት አለ። ቁጥር 3 ከፈተው። ሁለቱም እዚያ ሄደዋል።